የማይቆመው ሰዓት

ከጎብዬ እስከ ቆቦ ባለው ምድር ላይ ኮምፒውተርን እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው አልተፈጠረም። ይህን መጀመሪያ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ደጋግሜ ስላልኩት ግን አሁን ሌሎችም ማለት ጀምረዋል። በአንድ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ ነኝ። የማይበራ ፕሮጀክተር፣ የማይከፈት የፈተና ገጽ፣ መምህሩ በየሰኞው የሚረሳው የይለፍ ቃል፣ ሁሉም መጨረሻው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ተማሪዎች «ኢንጂነር» ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ ቤታችን ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ሲበላሽ፣ እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እያየሁ፣ ከሰፈር ጠጋኝ ታስጠራለች።

ባለፈው ነሐሴ ከቆቦ ወጣ ብላ ወዳለች አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት እየሄድኩ ነበር። የላክንላቸው ኮምፒውተሮች ከካርቶናቸው ወጥተው እንደሆነ ለማየት ነው። በእኔ ልምድ ኮምፒውተር ገጠር ሲደርስ መጀመሪያ አገልግሎት ላይ የሚውለው ካርቶኑ ነው፤ ዶሮ ትታቀፍበታለች። የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሹፌር ቅዳሜና እሑድ የሚማር የእኛው ተማሪ ሆኖ ተገኘ። ማን እንደሆንኩ አያውቅም፤ ስለ ፈተና ግን ማውራት ይወዳል።

«አንድ ደስ የሚለኝ ነገር ምን መሰለዎት?» አለ፣ ሙሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞሮ፣ ባጃጁን ለመንገዱ ትቶ። «ፈተና ላይ መብራት ከጠፋ ወይ ከቤት ክፉ ወሬ ከመጣ፣ እጅ ማውጣት ብቻ ነው። ፈታኙ ሰዓቱን ያቆምልናል። ጉዳያችንን ጨርሰን ካቆምንበት እንቀጥላለን። ይህን ያሰበ ሰው ይባረክ!»

«አሜን» አልኩ።

«ያውቁታል እንዴ?»

«እኔ ነኝ።»

«ኧረ ይተዉ!»

«የምስክር ወረቀት አለኝ» አልኩት። እውነቴን ነው፣ አለኝ። ቢሮዬ ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሏል፤ እንግዳ ሲገባ እንዲያየው ወንበሩን ፊት ለፊቱ አድርጌዋለሁ።

ልጁ አድናቆቱን ሳይጨርስ ውሃ አስቆመን። መንገዱን የሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ ሞልቷል። ከላያችን አንዲት ደመና የለችም፤ ፀሐይዋ የባጃጁን ጣሪያ እንደ ምጣድ አግላዋለች። ዝናቡ የጣለው ከምዕራብ፣ ከደጋው ላይ ነው። የእኛ አገር ጎርፍ እንዲህ ነው፤ እንደ ባለጌ እንግዳ ሳይጠራ፣ ሳያንኳኳ፣ ጠጠርና ግንድ ተሸክሞ ይገባል። ወዲህና ወዲያ ማዶ ሰው ተሰብስቦ ቆሟል። ሞተሩን አጠፋን። እኔም ውሃው እስኪጎድል ድረስ ሳላስበው የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ወደነበርኩበት ጊዜ ተመለስኩ።

ያኔ ክብደቴ የአሁኑ ግማሽ ነበር፤ እውቀቴ ደግሞ፣ በራሴ ግምት፣ የአሁኑ እጥፍ። ዩኒቨርሲቲው በክረምት መምህራንን የሚያስተምርበት ማዕከል ቆቦ ላይ ነበረው። አዳራሹ ድሮ የእህል መጋዘን ነው። ጥግ ጥጉ ላይ ነቀዝ አሁንም ነበር፤ እህሉ እንደ ወጣ የነገረው የለም። እዚያ ውስጥ ሃያ ኮምፒውተር ደረደርን። የቆቦን የክረምት ሙቀት የማያውቅ ካለ፣ ጠዋት የከፈትኩትን ኮምፒውተር ከሰዓት በኋላ በፎጣ ይዤ ነበር የምዘጋው ብለው በቂ ነው። አቧራው የትምህርት ዘመኑን ሙሉ ሳይቀር ተከታትሏል። ዲግሪ ቢሰጠው ኖሮ በማዕረግ ነበር የሚመረቀው።

በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የማጠቃለያ ፈተናው በኮምፒውተር እንዲሰጥ ተወሰነ። አለቃዬ ከዋናው ግቢ ደውሎ፣ «ሥልጠና ያስፈልጋል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ለማን?» አልኩት።

«ለአንተ።»

«ለእኔ?» ብዬ ሳቅሁ። ረጅም ሳቅ ነበር። እሱም አብሮኝ ሳቀና ነገሩ በዚያው አለቀ። ከፈተናው ፕሮግራም ጋር አንድ ወፍራም መመሪያ ልኮልኝ ነበር። በጣም ጠቀመኝ። ዋናው ኮምፒውተር የተቀመጠበት ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ስለነበር ሲነኩት ይወዛወዝ ነበር፤ መመሪያውን ከሥሩ ባደርገው ልክክ አለ። ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛው እንደ ዞብል ተራራ ንቅንቅ አላለም።

ለፈተናው የራሴ የሆነ አንድ ነገር ጨመርኩ። ሰዓቱን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ለቀቅሁት። ቀይ ነው፣ የበር ያህል ትልቅ ነው፣ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ወደ ታች ይቆጥራል። ለምን አስፈለገ ብትሉኝ ለግርማ ሞገስ ነው። እኔ በጎኑ እጄን ወደኋላ አጣምሬ እቆማለሁ። ከእኔና ከሰዓቱ ማን ይበልጥ ያስፈራ እንደነበር ተፈታኞቹ ይወቁት።

ከተፈታኞቹ አንዷ መምህርት ዘይነባ ናት። ከቆቦ በእግር ሩብ ሰዓት ከምትርቅ ቀበሌ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች። ሠላሳን ያለፈች፣ ረጅም፣ ስትስቅ አዳራሹን የምታሰማ ሴት ነበረች። ጠዋት ጠዋት በለስ በሰሃን ይዛ ትመጣለች፤ እሾሁን ራሷ አራግፋ፣ ልጣጩን በቢላ ሰንጥቃ፣ «ብላ እንጂ፤ ኮምፒውተር ሆድ አይሞላም» ትለኛለች። እኔም እበላለሁ። ኮምፒውተር ሆድ እንደማይሞላ ደመወዜን ያየ ሁሉ ያውቃል።

ያ ፈተና የመጨረሻዋ ነበር። አራት ክረምት ተምራለች። ካለፈች መስከረም ላይ ዲግሪዋን ይዛ ትገባለች፤ ካመለጣት ትምህርቱ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ብቻ ስለሆነ እስከ ሌላ ክረምት ትጠብቃለች። አባቷ ሞተዋል፤ ወንድሟ አረብ አገር ነው፤ እናቷ በጉልበት ሕመም ከደጃፍ አያልፉም። የቤቱ አንድ ጥማድ ማሽላ በእሷ እጅ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ውሃው መናገር አለብኝ። እኔ የቆቦ ልጅ ነኝ፤ ግን የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ። ጎርፍን የማውቀው አውቶቡስ የሚያዘገይ ነገር አድርጌ ነው። የገጠሩ ሰው ግን ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ ጠልፎ እርሻውን ያጠጣበታል። የቆላው ዝናብ ለማሽላ አይበቃም፤ በክረምት ሁለት ወይ ሦስት ጊዜ የሚመጣ ጎርፍ ነው ዓመቱን የሚወስነው። ውሃው በተራ ነው። ተራው የደረሰ ሰው አካፋውን ይዞ ከእርሻው አፍ ላይ መገኘት አለበት፤ ካልተገኘ ውሃው ወደሚቀጥለው ያልፋል። ተራ የሚያስጠብቀው፣ የሚዳኘው፣ ቦዩ እንዳይበጠስ ከላይ እስከ ታች የሚዞረው ሰው የውሃ አባት ይባላል። ገበሬዎቹ ራሳቸው የሚመርጡት ነው። በእነ ዘይነባ ቦይ የውሃ አባት አያ ይማም ነበሩ።

ፈተናው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። አርባ ደቂቃ እንዳለፈ በመስኮቱ በኩል አንድ ጥምጥም ብቅ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ቀጠን ያለ፣ ፀሐይ ያጠቆረው ፊት።

«ዘይነባ! ዘይነባ እዚህ አለች?»

«አባት፣ ፈተና ላይ ናቸው፤ ድምፅ አይቻልም» አልኩ።

«አይቻልም አይደል? ለጎርፉ ንገርልኝ እስቲ» አሉና በበሩ ዞረው ገቡ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ተጠቅልሏል፤ አካፋቸውን በበሩ አስደገፉት። «ልጄ፣ ከደጋ ተደውሏል፤ ውሃው ለቋል። ዛሬ ካንቺ ይጀምራል። ተነሺ።»

ዘይነባ ብድግ አለች። ቀዩን ሰዓት አየች። አንድ ሰዓት ከአሥራ ስምንት ደቂቃ ይላል። ቆማ ቀረች፤ አንድ እጇ አሁንም ማውሱ ላይ ነበር።

አያ ይማም ዓይኗን ተከትለው ግድግዳውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«የዚህ ነገር የውሃ አባት አንተ ነህ?»

«እንደዚያ ማለት ይቻላል» አልኩ፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ።

«መልካም። ደርሳ፣ አጠጥታ፣ እስክትመለስ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። እስከዚያ ይህን ቀይ ነገር አቁምላት።»

«አይቆምም፣ አያ።»

«ማን ከለከለ?»

«ሲስተሙ አይፈቅድም።»

«ሲስተም የማን ልጅ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ሽማግሌው አልገባቸውም ብዬ፣ «ሰው አይደለም፣ አያ፤ የኮምፒውተሩ አሠራር ነው፤ ከላይ የተዘጋጀ ስለሆነ እኛ እዚህ ሆነን…» ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ገብቶኛል ልጄ። እኔም ውሃ ልሰጠው ያልፈለግሁት ሰው ሲመጣብኝ፣ ‹ወንዙ አልፈቀደም› ነው የምለው።»

ሳቁ እንደ ተዘጋ ሬዲዮ ጸጥ አለ።

«አንተ ልጅ» አለች ዘይነባ፤ መምህርነቷን ትታ፣ እንደ ታላቅ እህት። «በአላህ፣ አንድ ሰዓት ብቻ። እማ ልትቆም አትችልም። ከእኔ በቀር አካፋ የሚይዝ የለንም። ያለፈው ጎርፍ አምልጦናል፤ ይኸ ካመለጠ ማሽላው አለቀ።»

«መምህርት፣ እኔ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ግን ከወጡ ሰዓቱ ይቆጥራል፤ ሲያልቅ ራሱ ይዘጋል።»

«ጎርፉም እኮ የሚለው ይህንኑ ነው» አለችና ነጠላዋን አነሳች።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። አለቃዬ ጋ መደወል እችል ነበር፤ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ግን ያ ረጅም ሳቄ ትዝ አለኝ። እጄን ከኪሴ አወጣሁና እንደገና ወደኋላ አጣመርኩት።

ዘይነባ በሩ ጋ ስትደርስ አያ ይማም አካፋቸውን አግድም አደረጉባት።

«ተመለሺ።»

«አያ…»

«ተመለሺና ተቀመጪ ነው የምልሽ። አራት ክረምት በዚህ ሙቀት የተመላለስሽው ለዚህ ሰውዬ ግድግዳ ነው እንዴ? እርሻሽ አፍ ላይ እኔ እቆማለሁ።»

ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ መምህር፣ እሱም ገበሬ ነው፣ ከወንበሩ ተነሳ። «አያ፣ አንቱ አንድ ቦታ ከቆሙ ቦዩን ማን ይዞራል?»

«አላህ ይዞረዋል» አሉና ወጡ። በመስኮቱ አየኋቸው፤ አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው በሩጫና በእርምጃ መካከል ባለ ነገር ሲሄዱ።

የጎልማሳው ጥያቄ ያኔ አልገባኝም። የውሃ አባት አንድ ቦታ አይቆምም። እሱ ከቆመ ቦዩን የሚያይ ዓይን የለም።

ዘይነባ ተቀመጠች። ሽንኩርት እንደሚከትፍ ሰው ነበር የምትሠራው፤ ፈጣን፣ አንገቷን ደፍታ፣ ዓይኗ እንባ እያቀረረ። ሰዓቱ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ጨረሰች። ነጠላዋን ይዛ በሩጫ ወጣች። እኔም ሌሎቹን ሸኝቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ተከተልኳት። አዲስ የቆዳ ጫማ ነበረኝ። ጫማው ነፍሱን ይማረው።

ስደርስ አያ ይማም ከእርሻዋ አፍ ላይ እስከ ቅልጥማቸው ውሃ ውስጥ ቆመዋል። ማሽላው ጉልበት ይደርሳል። ውሃው በመካከሉ ተኝቷል፤ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። መሬቱ ሲጠጣ ይሰማል። ማጋነን እወዳለሁ፣ ይኸኛው ግን እውነት ነው፤ ጆሮ ላዘነበለ ሰው ይሰማል።

«ጠጥቷል» አሏት። «ያንቺስ?»

«ጨርሻለሁ፣ አያ። አልሐምዱሊላህ።»

እጃቸውን ለመሳም ጎንበስ ስትል አንድ ሰው ከላይ በኩል እየሮጠ መጣ። «አያ! ከመታጠፊያው ላይ ተበጥሷል! ያንቱ መሬት ነው፤ ሄዷል!»

ሄድን። እርሻ የነበረበት ቦታ ጠጠር ሆኗል። ውሃው ቦዩን ሰብሮ፣ ማሽላውን ከነሥሩ ነቅሎ፣ አፈሩን ይዞ ወደ ወንዙ ተመልሷል። ለምለም ሆኖ የቀረው ዳር ዳሩ ብቻ ነው። አያ ይማም ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው የተነቀለውን ማሽላ እየለቀሙ፣ ጭቃውን እያራገፉ፣ በብብታቸው ማስገባት ጀመሩ።

«ምን ያደርግልዎታል፣ አያ?» አለች ዘይነባ።

«ለላሟ ነዋ። እሷ ምን አጠፋች?»

ወደ እኔ ዞሩ። «ሲስተምህስ? ቆመ?»

«ሰዓቱ አልቋል፣ አያ።»

«ይኸም አልቋል» አሉና መልቀማቸውን ቀጠሉ።

በዚያ ዓመት ማሽላ ሲሰበሰብ የቦዩ ሰዎች ሁሉ ለአያ ይማም ከየእርሻቸው አንዳንድ ሸክም አዋጡ። ዘይነባ የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ሁለት ሸክም አመጣች አሉ። እሷ ዲግሪዋን ይዛ፣ ቆይታም ርዕሰ መምህርት ሆናለች። እኔም ሽማግሌውን ልጠይቅ አንድ ኪሎ ስኳር ይዤ ሄጄ ነበር። አንድ ጥማድ ማሽላ በአንድ ኪሎ ስኳር! ዛሬ ሳስበው ስኳሩ ያሳፍረኛል፤ ያን ዕለት ግን ቸርነት መስሎኝ ነበር።

«ጎድሏል፣ እንሞክረው?» አለ የባጃጁ ሹፌር። ማዶ ያሉት መሻገር ጀምረዋል። ሞተሩን አስነስቶ ቀስ ብሎ ገባ፤ ውሃው እግሬ ሥር ገብቶ ወጣ። ማዶው ላይ፣ ከግራር ጥላ ሥር፣ አንድ ሽማግሌ በምርኩዝ ተደግፈው ውሃውን ያያሉ። ገና ሳልደርስ አወቅኋቸው። አያ ይማም የውሃ አባትነቱን ከተዉ ቆይተዋል፤ ጎርፍ ሲመጣ ግን መጥተው ሳያዩ አያድሩም።

ወርጄ ትከሻቸውን ሳምኩ። በተገናኘን ቁጥር የሚጠይቁኝን ጠየቁኝ።

«ሲስተም ደህና ነው? አሁንም አይፈቅድም?»

«አሁን ይፈቅዳል፣ አያ።»

ሹፌሩ ከባጃጁ ውስጥ አንገቱን አውጥቶ፣ «እሳቸው እኮ ናቸው ሰዓት ማቆሚያውን የፈጠሩት!» አለ።

አያ ይማም ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ሆዴ ላይ ትንሽ ቆዩ። «ልጅ እያለ ልበ ደረቅ ነበር» አሉት ለሹፌሩ። «ለፈለገው ሰው ካልሆነ ጠብ የማያደርግ። ሲያረጅ ለሰለሰ። ይኸም አንድ ነገር ነው።»

እኔም ሳቅ ብዬ ዝም አልኩ። ሁልጊዜም ዝም ነው የምለው።

ፈተናው ባለቀ በሦስተኛው ሳምንት ዕቃ ስንጠቀልል ያንን ጠረጴዛ አንስተን ነበር። መመሪያው ከእግሩ ሥር ወደቀ። መሐሉ ላይ የጠረጴዛው እግር ክብ አድርጎ ሰርጉዶታል። አቧራውን አራግፌ፣ ሥራ ስላልነበረኝ፣ ገለጥኩት። ገና መጀመሪያው ላይ፣ በሥዕል ጭምር፣ ከእያንዳንዱ ተፈታኝ ስም አጠገብ ያለች ትንሽ ምልክት ለምን እንደምትጠቅም ተጽፏል። ስትነካ የዚያ ሰው ሰዓት ይቆማል፤ ድጋሚ ስትነካ ይቀጥላል። ምልክቷ ያን ዕለት ኮምፒውተሬ ላይ፣ ከዘይነባ ስም አጠገብ፣ ነበረች። አይቻታለሁ። ጌጥ መስላኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሠራሁት ነገር ቢኖር በየዓመቱ ለፈታኞች ምልክቷን በጣቴ ማሳየት ነው። የምስክር ወረቀቱ የተሰጠኝም ለዚሁ ነው። አያ ይማም ልሰጣት ስላልፈለግሁ እንደከለከልኳት ያምናሉ፤ እኔም ባለማወቅ ከምታወቅ ብዬ በክፋት እንደታወቅሁ ኖርኩ። ክፉ አልነበርኩም። ሰዓቱ ያኔም ይቆም ነበር፤ እንዴት እንደሚቆም ነው ያላወቅሁት።